ብዝኃነትና እሴት በመምህራን ሥልጠና፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለተወሰኑ ዓመታት የጀማሪ መምህራን አማካሪ ሆኜ ሠርቻለሁ። የተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ፣ በአጭሩ የተሙማ፣ ዕቅድ ሲወጣ «ብዝኃነትና መሠረታዊ እሴቶች» የሚል ርዕስ ከዝርዝሩ አይጠፋም። ጥያቄዎቹም አብረውት ይመጣሉ። ጥቂቶቹ ስብሰባ ላይ በይፋ ይጠየቃሉ። የሚበዙት ግን ሻይ ቤት ውስጥ፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነው። እዚህ የሰበሰብኩት በተለይ የሻይ ቤቶቹን ነው።

ብዝኃነት ማለት ኅዳር 29 የምናከብረው አይደለም እንዴ?

እሱም አለበት። ልጆቹ የባህል ልብስ ለብሰው ይመጣሉ፣ ሚኒ ሚዲያው ዘፈን ይለቃል፣ ፎቶ ይነሳል። ደስ ይላል። በነጋታው ግን ሁሉም ወደ ዩኒፎርሙ ይመለሳል፤ እኛም ወደ ልማዳችን።

እኔን የሚያሳስበኝ የኅዳር 30ው ነው። ስም ስንጠራ፣ ምሳሌ ስንሰጥ፣ ልጆች ስናስቀምጥ፣ መምህራን ማረፊያ ውስጥ ስንቀልድ የምናደርገው።

የራሴን ጉድ ላውራ። አንድ መስከረም አዲስ ተማሪ ክፍሌ ገባ። ስም ዝርዝሩ ላይ «ዳባ» ተብሏል። እጠራለሁ፣ አቤት የሚል የለም። «ቀሪ» ብዬ ምልክት አደርጋለሁ። ስምንት ቀን እንዲህ ሄደ። በዘጠነኛው ቀን አጠገቡ የሚቀመጠው ልጅ «ቲቸር፣ እሱ እኮ አለ» አለኝ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ መስኮቱ ጋ ቁጭ ብሏል። ስሙ ዻባ ነው። ያ «ዻ» የኦሮምኛ ድምፅ ነው፤ አማርኛ የለውም። ምላስ ወደ ላንቃ ታጥፋ፣ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ ተደርጎ ይባላል። ስሙን የመዘገበው ሰው በሚያውቀው ፊደል ጻፈው፣ እኔም እንደተጻፈው አነበብኩት። ልጁ ገና ከገጠር መምጣቱ ነበር። መጀመሪያ ሌላ ልጅ የተጠራ መሰለው፤ ሲገባው ደግሞ አፈረ። ስምንት ቀን ቀሪ ያልኩት ልጅ አንድም ቀን አልቀረም።

እኔ ሒሳብ ነው የማስተምረው። ይሄ የዜግነትና የግብረ ገብ መምህራን ጉዳይ አይደለም?

አይደለም። ይህን የጠየቀኝን መምህር የዓመቱን ፈተናዎች ይዞ እንዲመጣ ነገርኩት። አብረን ቁጭ ብለን የቃላት ፕሮብሌሞቹን አነበብን። አበበ መኪና ይነዳል። ከበደ መሬት ይለካል። አልማዝ ሽንኩርት ትገዛለች። አሁንም አልማዝ ሽንኩርት ትገዛለች። በአራት ፈተና ውስጥ አልማዝ ከገበያ አልተመለሰችም። ክፍሉ ውስጥ ግን ቶሎሳም፣ ሙናም፣ ደስታም፣ ኡጁሉም አሉ። መምህሩ ሳቀ፣ ከዚያ ዝም አለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ እሱም የተማረው በእነ አበበ ነው።

ስም መቀየር መጀመሪያው ነው እንጂ ዋናው አይደለም። ዋናው የልጁ ቤት ውስጥ ያለውን ዕውቀት ወደ ጥቁር ሰሌዳው ማምጣት ነው። የዶርዜ ሸማኔ ጥለት ሲያወጣ ክር እየቆጠረ ነው፤ ሥርዓተ ድግግሞሽና ምጥጥን እዚያ አለ። የስፌት መሶብ ላይ ጂኦሜትሪ አለ። እቁብ ራሱ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ነው፦ 12 ሰው በየወሩ 500 ብር ቢጥል፣ መጀመሪያ የደረሰውና መጨረሻ የደረሰው እኩል ተጠቀሙ ወይ? በዚህ ጥያቄ 40 ደቂቃ ሙሉ የተከራከረ ክፍል አይቻለሁ።

ሳይንስ ላይ ደግሞ ቆጮን አስቡ። እንሰት ተፍቆ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል፣ ለሳምንታት ወይም ለወራት ይብላላል። ስለ መብላላት ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ላቦራቶሪ አይገኝም። እናቷ እንሰት የምትፍቅ ልጅ ግን «የኢትዮጵያውያን ምግብ እንጀራ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ስትገለብጥ ትውላለች።

«መሠረታዊ እሴቶች» የትኞቹ ናቸው? ማን ወሰናቸው?

ለብዙ ዓመታት የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር መጽሐፍ በ11 እሴቶች ላይ ተደራጅቶ ነበር፦ ዴሞክራሲያዊ ሥርዓት ግንባታ፣ የሕግ የበላይነት፣ እኩልነት፣ ፍትሕ፣ አገር ወዳድነት፣ ኃላፊነት፣ ታታሪነት፣ በራስ መተማመን፣ ቁጠባ፣ ንቁ የማኅበረሰብ ተሳትፎ፣ ዕውቀትን መሻት። በዚያ ዘመን የተማረ ሰው ምዕራፎቹን ዛሬም በቃሉ ይወጣቸዋል። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የታች ክፍሎች ግብረ ገብ፣ ከፍ ያሉት የዜግነት ትምህርት ይማራሉ።

ለመምህሩ ትልቁ መነሻ ግን ሕገ መንግሥቱ ነው። አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህላዊ ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ መካሄድ አለበት ይላል። ሥልጠና ላይ ይህ አንቀጽ ተነቦ ይታለፋል። እኔ ብሆን አንድ ሙሉ ከሰዓት እሰጠዋለሁ። ምክንያቱም ሁላችንም ሃይማኖት አለን፣ ሁላችንም አቋም አለን፣ ሁላችንም የሆነ ባህል ውስጥ አድገናል። ጠመኔ ስናነሳ ያን ሁሉ የት እናስቀምጠዋለን?

ሌላው፣ እሴት ከላይ ብቻ አይወርድም። ኦሮሞው «ሰፉ» የሚለው የሞራል ሥርዓት አለው፤ ምን ነውር እንደሆነ፣ ለማን ምን ክብር እንደሚገባ የሚለይበት። ጉራጌው የጆካ የሚባል ባህላዊ ሸንጎና ሕግ አለው። ደቦና ወንፈል የማያውቅ ገበሬ የለም። «ንቁ የማኅበረሰብ ተሳትፎ» የሚለውን ምዕራፍ ከትርጓሜው ከመጀመር ከደቦ ብትጀምሩ ልጆቹ ቀድመዋችሁ ይሄዳሉ።

በዓመት 60 ሰዓት ተሙማ አለብን። ይሄን የት እናስገባዋለን?

ሌላ ጫና አትጨምሩ። ያለውን ዑደት ተጠቀሙበት፦ ትንተና፣ ዕቅድ፣ ትግበራ፣ ግምገማ። ችግሩ ብዙ ትምህርት ቤት ትንተናውን ዘሎ ወደ ዕቅድ ይገባል። ዕቅዱም ካምናው ይገለበጣል። ዓመተ ምሕረቱ ብቻ ተቀይሮ አይተን እናውቃለን፤ እሱንም መቀየር የተረሳበት ጊዜ አለ።

በኛ ዲፓርትመንት አንድ ዓመት የሠራነው ይሄ ነው። ለሁለት ሳምንት እያንዳንዱ መምህር ባልደረባው ክፍል ገብቶ ኋላ ተቀመጠ። ሥራው አንድ ብቻ ነው፦ መምህሩ ማንን እንደጠየቀ በክፍሉ ንድፍ ላይ ነጥብ ማስቀመጥ። ስለ አስተማሪነቱ አስተያየት መስጠት ክልክል ነው። ሲያበቃ ወረቀቱን ለባለቤቱ ሰጥቶ መውጣት ነው። የኔ ወረቀት ላይ ነጥቦቹ ፊት ባሉት ሁለት ረድፎች ተከምረዋል። በቀኝ በኩል ኋላ፣ ቋንቋው ገና ያልጠናላቸው ልጆች የሚቀመጡበት፣ ባዶ ነው። ማንም ምንም አላለኝም። ወረቀቱ በቂ ነበር።

ከዚያ በኋላ ዕቅዱ ራሱን ጻፈ። ማንን እንደምጠይቅ አስቀድሜ የዕለት ትምህርት ዕቅዴ ጠርዝ ላይ እጽፍ ጀመር።

የተማሪዎቼን ቋንቋ አልችልም። ምን ላድርግ?

ከ80 በላይ ቋንቋ ያለበት አገር ውስጥ ሁሉን የሚችል መምህር አይገኝም። ግን «አልችልም» እና «አይመለከተኝም» ይለያያሉ። ሰላምታ ተማሩ። «ገባችሁ?» የሚለውን ተማሩ። ስም በትክክል መጥራት ተማሩ። ልጁ ስሙን እናቱ እንደምትጠራው እንዲጠራላችሁ ጠይቁት፤ ቁቤ የሚጽፍ ከሆነ ስም ዝርዝሩ ጎን በቁቤ ያስፍርላችሁ።

አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ልጆች በቋንቋቸው ሲነጋገሩ «በአማርኛ!» ብሎ መጮኽ ልማድ ሆኖብናል። ብዙ ጊዜ አንዱ ለሌላው የኛን ትምህርት እያስረዳው ነው። ለምን እናቋርጠዋለን?

ቋንቋ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ከወላይታ ሶዶ የበለጠ ማስረጃ የለም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የወላይታ፣ የጋሞ፣ የጎፋና የዳውሮ ቋንቋዎች ይቀራረባሉ ተብሎ ተቀላቅለው «ወጋጎዳ» የሚባል የመማሪያ መጽሐፍ ተዘጋጀ። ቋንቋዎቹ በእርግጥ ይቀራረባሉ። ግን ሕዝቡ አልተጠየቀም፣ መምህራኑም በቅጡ አልተሰሙም። በ1992 ዓ.ም. ሶዶ ላይ ተቃውሞ ተነሳ፣ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ መጽሐፉም ቀረ። ይህን ታሪክ በሥልጠና ላይ ማንሳት የሚፈሩ አሉ። እኔ ግን አነሳዋለሁ። መጽሐፍ ክፍል ውስጥ ከመግባቱ በፊት መምህሩን መጠየቅ ለምን እንደሚያስፈልግ ያሳያል።

ተረትና ምሳሌ ብጠቀም ምን ችግር አለው? ባህላችን አይደል?

ባህላችን ነው፣ ችግርም አለው። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን አንድ መምህር ሴት ተማሪ ጎበዝ መልስ ስትመልስ ለቀልድ ብሎ ሲለው ሰምቻለሁ። ክፍሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች። እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ግን እጇን አላወጣችም።

በእጅ ሥራ ላይ ያለውም ያው ነው። ሸክላ ሠሪ፣ ቆዳ ፋቂ፣ ቀጥቃጭ የሚሉት ቃላት የሥራ ስም መሆናቸው ቀርቶ ስድብ ሆነዋል። ከነዚህ ቤተሰብ የመጣ ልጅ «ቡዳ» ተብሎ አጠገቡ የሚቀመጥ ሲያጣ መምህሩ አይቶ እንዳላየ ያልፋል። ነገሩ ደግሞ አዲስ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዳይኖር አዋጅ አስነግረው ነበር። ብረት የሠራውን ጠይብ፣ ሸማ የሠራውን ቁጢት በጣሽ እያሉ መስደብ ይቅር የተባለው ያኔ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ምሳሌያዊ አነጋገር አትተዉ። ክፍል ውስጥ አምጥታችሁ አስመርምሩት፦ ማን አለው? ማንን ለማስደሰት? ማን ዝም እንዲል? ለአማርኛ መምህር ይህ የሳምንት ሥራ ነው።

እሴትና ባህል ሲጋጩስ? «ባህላችን ነው» ሲሉኝ ምን ልበል?

እዚህ ላይ ማለሳለስ አልወድም። ብዝኃነትን ማክበር ሁሉን ነገር መቀበል አይደለም። የ14 ዓመት ተማሪ ልትዳር ነው ሲባል «የአካባቢው ባህል ነው» ብሎ ዝም ያለ መምህር ባህል አላከበረም፣ ልጅቷን ነው የተዋት። ሕጉ ግልጽ ነው፦ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው፣ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 35 ሴቶችን ከሚጎዱ ልማዶች የመላቀቅ መብት ሰጥቷል።

ግን አካሄድ አለው። መምህሩ ብቻውን አባት ፊት ቆሞ አንቀጽ ቢጠቅስ ልጅቷን ያሳጣታል እንጂ አያድናትም። ወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አለ፣ የሚከበሩ ሽማግሌ አሉ፣ የሃይማኖት አባት አሉ። እነሱን ይዞ መሄድ ነው። በሥልጠና ላይ ይህን በድራማ እንለማመደዋለን። አንዱ አባት ይሆናል፣ አንዱ መምህር። አባት የሚሆኑት ሁልጊዜ ጎበዝ ተከራካሪዎች ናቸው።

ጾምና የጸሎት ሰዓትስ?

ቀላሉ ይሄ ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ ረመዳን በየዓመቱ ካምናው 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ይገባል። ሁለቱንም የፈተና ፕሮግራም ከመውጣቱ በፊት ካላንደር ላይ ማየት ይቻላል። በጾም ቀን ስፖርትን ከሰዓት አታድርጉት። ዓርብ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከ5፡30 እስከ 7፡30 የሚወጣበት ምክንያት አለ፤ የማጠናከሪያ ትምህርት እዚያ ላይ አትሰኩ። የማይጾም ልጅ ምሳውን ተሸማቆ እንዳይበላም ማየት ነው።

ተማሪዎቼ በብሔር ሲሰዳደቡ ምን ላድርግ?

መጀመሪያ አቁሙት፤ «ልጆች ናቸው» ብላችሁ አትለፉ። ቀጥላችሁ ግን ወዲያው ወደ ርዕሰ መምህር ቢሮ አትንዱ። አብዛኛው ስድብ ከስልክ፣ ከቲክቶክ፣ ከቤት የተሰማ ነው። ልጁ ትርጉሙን እንኳ በደንብ ላያውቅ ይችላል።

እኔ ከአፋሮች ዳጉ የተማርኩትን እጠቀማለሁ። ሁለት አፋር መንገድ ላይ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም። ቁጭ ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ፦ ስለ ሰው፣ ስለ ከብት፣ ስለ ውኃና ግጦሽ። አድማጩ ይጠይቃል፦ በዓይንህ አየኸው ወይስ ሰማህ? ከማን ሰማህ? ወሬ ያዛባ ሰው ክብሩ ይወድቃል። የተጣሉትን ልጆች ፊት ለፊት አስቀምጬ ይህንኑ አስጠይቃለሁ። «እነሱ እንዲህ ናቸው» ያለው ልጅ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ «ሰምቼ ነው» ይላል። «ከማን?» ሲባል ዝም። ሁልጊዜ አይሠራም። ግማሽ ቀን የፈጀብኝም፣ ጭራሽ ያልተሳካልኝም አለ።

መምህራን ማረፊያ ውስጥ ግን ይሄን የሚጠይቀን የለም። ስለ አንድ ብሔር የምንቀልደውን ቀልድ ልጆቹ በበር ይሰማሉ፤ ጠመኔ ሊወስዱ የመጡ ጊዜ።

ሥልጠናው ለምን እንዲህ አሰልቺ ይሆናል?

አሰልጣኙ ከከተማ ይመጣል፣ ስላይድ ያነባል፣ በቡድን ተከፋፍለን ፍሊፕ ቻርት እንጽፋለን፣ አበል ፈርመን እንሄዳለን። ስለ ብዝኃነት በተሰጠ የሁለት ቀን ሥልጠና ላይ ከጎናችን የተቀመጠው መምህር የት እንዳደገ ሳንጠይቅ ወጥተናል።

በአንድ ጉድኝት የተሰባሰቡ ትምህርት ቤቶች ቅርብ ለቅርብ ናቸው፤ እርስ በርስ መጠያየቅ ይቀላል። አሰልጣኝ ከሰፈር ጥሩ። እኛ አንድ ጊዜ ልጆቻቸው እኛ ጋ የሚማሩ ሸክላ ሠሪ እናት ጋበዝን። አፈሩን ይዘው መጡ፣ የትኛው ለጀበና፣ የትኛው ለምጣድ እንደሚሆን በጣታቸው እያሹ አሳዩን። የኬሚስትሪው መምህር ከወንበሩ ተነስቶ አጠገባቸው ቆመ። ሲጨርሱ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ፦ ልጃቸው የእናቱን ሥራ ስም ፎርም ላይ እንዳይጻፍ እንደለመናቸው።

ውጭ አገር ነው የምኖረው። የልጄ መምህር «ዓይኔን አያየኝም» ይላል።

ይህ ጥያቄ ከአሜሪካም ከአውሮፓም ይመጣል። እኛ ጋ ልጅ ትልቅ ሰው ሲያናግረው አንገቱን ሰበር ያደርጋል፤ አክብሮት ነው። እዚያ ደግሞ ዓይን መሸሽ መዋሸት ወይም አለመስማት ይመስላል። ለመምህሩ ይህን በግልጽ ንገሩት፤ አብዛኞቹ ሲነገራቸው ደስ ይላቸዋል። ለልጁም ሁለቱንም አስተምሩት፤ ለአያቱ እንዲህ፣ ለመምህሩ እንዲያ። ልጆች ከኛ ይልቅ ቶሎ ይለምዱታል። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ስግድ የሚባለውን የቤተ እስራኤል በዓል ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ የታወቀ በዓል አድርገዋል። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ወላጅ ክፍል ገብቶ ለማስረዳት ፈቃድ ቢጠይቅ ጥሩ ነው።

ውጤቱን በምን እለካለሁ? ማህደረ ተግባሬ ውስጥ ምን ላስቀምጥ?

የምስክር ወረቀቱን አስቀምጡ፤ ለደረጃ ዕድገት ይጠየቃል። ከሱ ጋር ግን ነጥቦቹ ያሉበትን የክፍል ንድፍ ጨምሩ፤ የመስከረሙንና የሰኔውን ጎን ለጎን። የተስተካከለውን ፈተና ከድሮው ጋር አያይዙ። አልማዝ አሁን ምን እየሠራች እንደሆነ ይታያል።

የኔ ማህደር ውስጥ አንድ ገጽ የስም ዝርዝር አለ። ጎኑ ላይ በልጆቹ እጅ የተጻፉ ስሞች አሉ፤ አንዳንዱ በቁቤ፣ አንዳንዱ በፊደል ሆኖ ከላይ ምልክት የተጨመረበት። ሱፐርቫይዘራችን አገላብጠው «ይሄ በየትኛው ፎርማት ነው?» አሉኝ። በየትኛውም አይደለም። ዻባ ግን በሁለተኛው ሳምንት፣ ስሙ ሲጠራ፣ ከሦስተኛው ረድፍ ክፍሉ እስኪዞር ድረስ «አቤት!» ብሎ ጮኸ።